«ልጅህ» ያለው ድምፅ

ይድረስ ለእታለም፤ ከእናታችን ቀጥላ አዝላ ላሳደገችኝ ታላቄ።

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ እንዴት ሆነልሽ? አሁንም የትምህርት ቤቱን ደረጃ ግድግዳ እየተደገፍሽ ነው የምትወጪው ወይስ ትንሽ ተሻለሽ? ባለቤትሽ እንዴት ነው? ከመኪናው ሥር ወጥቶ እራቱን በሰዓቱ መብላት ጀመረ? መንትዮቹስ? የፊት ጥርሳቸው በቀለ ወይስ አሁንም ሲስቁ በሩ ተከፍቶ የቀረ ቤት ይመስላሉ? አክስታችን ከጉልበቷ ጋር ታረቀች? አባባስ? እንቅልፍ ይወስዳቸዋል? ምግብስ ይበላሉ? በደብዳቤሽ «ደህና ናቸው» ብለሽ አልፈሻል፤ አንቺ «ደህና» የምትይው ነገር ሁልጊዜ ስለሚያስፈራኝ ነው ደግሜ የምጠይቅሽ።

እኔ አለሁ። ጤናዬ ደህና ነው፤ ሥራዬም አልተቋረጠም። ክፍሉ ግን ሰፍቶብኛል። ታናሻችን ድንቡሼ ካረፈ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ አልጋው ግን እስካሁን ከቦታው አልተነሳም። አከራዬ ላውጣልህ ወይ ብላኝ ነበር፤ «ይቆይ» አልኳት። ብርድ ልብሱን አጥፌ ራስጌው ላይ አስቀምጬዋለሁ። አንዳንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በሩን ቀስ ብዬ እከፍታለሁ፤ ከዳቦ መጋገሪያው የሌሊት ፈረቃ ገብቶ የተኛ ይመስለኛል። ሰዎች ላያስችል አይሰጥም ይሉኛል። ማስቻሉ ለእኔ እስካሁን አልደረሰኝም፤ መንገድ ላይ ይሆናል።

ደብዳቤሽና አባባ የሰፉልኝ ሸሚዝ በጎረቤታችን በነጋዴው እጅ በደህና ደርሰውኛል። ሸሚዙ አንገቱ ላይ ልክክ ብሎልኛል፤ እጅጌው ግን እስከ ጣቶቼ ይወርዳል። አባባ አሁንም የማድግ ሳይመስላቸው አይቀርም። ነጋዴው ከነገ ወዲያ ስለሚመለስ ይህን ይዞልሽ ይመጣል። የላክሁት ሁለት ወረቀት ነው፤ አጭሩ ለአባባ ጮክ ብለሽ የምታነቢላቸው ነው። ይህን ግን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ለምን አልደወልክም እንዳትዪኝ። ያንቺ ስልክ ከተሰበረ ወዲህ የምንገናኘው በአባባ ስልክ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ጆሯቸው ከደከመ ጀምሮ ድምፁን ለቀው ነው የሚያዳምጡት። እኔ እዚህ ሳስነጥስ እዚያ ሱሪ ሊያስጠብብ የመጣ ሰው ሁሉ «ይማርህ» ይለኛል። የትምህርት ቤታችሁ ስልክ ያለው ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ይህን ነገር እዚያ ቆመሽ እንድትሰሚው አልፈለግኩም።

በደብዳቤሽ አንድ ነገር ለምነሽኛል። «ልጅዎ የትምህርት ዕድል አግኝቷል፣ ይህን ተጭነው ስሙን ያስመዝግቡ» የሚል የሌባ መልእክት ከወላጆች ስንቱን እንዳሞኘ፣ ስለዚህም በወላጆች ስብሰባ ላይ ትምህርት ልትሰጪ እንዳሰብሽ ጽፈሽልኛል። «አንተ እንጀራህ ነው፣ ነጥብ ነጥቡን ላክልኝ» ብለሽኛል። እልክልሻለሁ፤ ግን ያ እንጀራ ምን እንዳበላኝ አስቀድሜ ልንገርሽ።

ሥራዬን በደንብ አስረድቼሽ አላውቅም። ድርጅቱ መድኃኒት ያከፋፍላል፤ እኔ ግን መድኃኒት አልነካም፣ ሰው አጠምዳለሁ። ቀልዴን አይደለም። ሌቦች ለሠራተኛው የሚልኩትን ዓይነት የውሸት መልእክት ራሴ እያዘጋጀሁ እልካለሁ። «የይለፍ ቃልዎ ሊዘጋ ነው፣ አሁኑኑ እዚህ ይጫኑ»፤ «የደረሰዎት ዕቃ አለ»፤ «አለቃህ ነኝ፣ ስብሰባ ላይ ስለሆንኩ አትደውል፣ ቶሎ ይህን ላክልኝ»። ማጥመጃውን የነካ ሰው ሐሙስ ሐሙስ ምድር ቤት ያለችው መስኮት አልባ አዳራሽ ውስጥ መጥቶ እኔ ፊት ይቀመጣል። መብራቷ ጥዝ ይላል፣ ወንበሮቿ ይንቋቋሉ፣ ሰዎቹም ልክ ወላጅ አምጣ እንደተባለ ተማሪ ተኮሳትረው ነው የሚገቡት። ስሜን «አጥማጁ» ብለውታል። ምሳ ቤት ብቅ ስል ጨዋታው ይቆማል።

አለቆቼ ግን ሰዉ ነቅቷል ብለው ያመሰግኑኛል። እንዲያውም ከልኩ አልፎ ነቅቷል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ስለ መጸዳጃ ቤት ጽዳት የጻፈውን እውነተኛ መልእክት ግማሹ ሠራተኛ «ማጥመጃ ነው» ብሎ ወደ እኔ ላከው። ሰውዬው ቢሮው ጠርቶ «እኔንም ሌባ አደረግከኝ?» አለኝ። ከቢሮው ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ሳቅኩ። ያኔ መሳቅ እችል ነበር።

መጋዘኑ ውስጥ የሀገራችን ልጆች ብዙ ናቸው፤ ለእነሱ በአማርኛ አስተምር ተባልኩ። ሌቦቹ መልእክቱን በማሽን እያስተረጎሙ ስለሚልኩ አማርኛቸው ይደናቀፋል። አንዱን ግድግዳው ላይ አበራሁላቸው፤ «ውድ ደንበኛችን፣ መረጃህን ካላረጋገጡ ስልክሽ ይዘጋል» ይላል። በአንድ ዓረፍተ ነገር አንተም፣ አንቱም፣ አንቺም አደረገን። አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ከጫኞቹ አንዱ «ከቤተሰቡ ማን እንደሚነካለት ስላላወቀ ለሁሉም ነው የላከው» አለ። እኔም ይህን ይዤ ሕግ አወጣሁላቸው። የሚያውቃችሁ ሰው አንተ ይበላችሁ አንቱ ልማዱን አይስትም፤ አክብሮቱ የተዘበራረቀ መልእክት አይታመን አልኳቸው።

ይህንኑ ለአባባ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። አንድ እሑድ ስንደዋወል ስለ ይለፍ ቃልና ስለሚነካው ነገር ስጀምርላቸው «እኔ ስልክ ማንሳትና መዝጋት ነው የማውቀው» አሉኝ። እንግዲያው በማንሳትና በመዝጋት እንሂድ ብዬ ስለሚደውለው ሌባ ነገርኳቸው። በማያውቁት ቁጥር ይደውላል። «እኔ ነኝ» ይላል እንጂ ስሙን አይናገርም፣ ስሙን እርስዎ እንዲያወጡለት ነው። ያለቅሳል፣ ያጣድፋል። ድምፁ የኛን ቢመስልም አይመኑ፣ ዛሬ ድምፅ የሚኮርጅ ማሽን አለ። አባባ እህ፣ እህ እያሉ ሰሙኝ። የአንተንና የአንቱን ነገር ሳነሳ ግን ነቁ። እኛን በዚያ በእንጨት ሜትራቸው መዳፋችንን እያቀመሱ አንቱ ያስባሉን ሰው አይደሉ? «ይሄማ የኔ ትምህርት ነው» አሉኝ። «እኔን አንተ የሚለኝ ልጅ አልወለድኩም። በዚህ በኩል የሚያልፍ ሌባ የለም።» ስጠይቃቸው አንድም ሳይስቱ ሁሉንም ደገሙልኝ። ስልካቸው ጥሪውን ሁሉ እንዲቀዳም ያን ዕለት አንቺን አስነካሁሽ፤ ማስረጃ ይሆናል ብዬ። የመጨረሻዋን ነገር ልነግራቸው ስል ሱሪ የሚለካ ደንበኛ ገባና «በል ገብቶኛል፣ ይበቃኛል» ብለው ዘጉት።

ስለ ድንቡሼ ሕመም ለእናንተ የምነግራችሁ «ትንሽ ሳል ነው» እያልኩ ነበር። ሳሉ ሳንባው ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ እኔ አውቅ ነበር። እሱም «እንዳትነግራቸው፣ አባባ ከድንጋጤ የሰው ልብስ ይቆርጣሉ» ይለኛል። ሆስፒታል ከገባ በኋላ እንኳ እሑድ እሑድ ትራሱን ተደግፎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ያን የሚያስቅ ድምፁን አውጥቶ «ደህና ነኝ አባባ፣ እርስዎስ?» ይላቸው ነበር። ስልኩ ሲዘጋ ፊቱ አመድ ይመስላል። ልጅ ሆኖ ጉንጩ ስለሚነፋ ያወጣንለትን ስም ታስታውሻለሽ፤ መጨረሻ ላይ ያ ስም ለሌላ ሰው የወጣ ነበር የሚመስለው።

አንድ ሐሙስ ሕመሙ ጠናበት። እኔ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፤ ሰዉ ሁሉ ስልኩን እንዲዘጋ አዝዤ የራሴንም ዘግቻለሁ። የድንቡሼ ስልክ ባትሪው አልቋል። ነርሷ በኋላ እንደነገረችኝ፣ እጇን ይዞ በምልክት ስልኳን ለመናት። ቁጥሩን እሱው ነካ። የኦክስጅን ጭንብሉን ከአፉ ከፍ አድርጋ ስልኩን ጆሮው ሥር ያዘችለት። «ትንሽ ተነጋገሩ፣ ቶሎ አለቀ» አለችኝ። እኔ ስደርስ ነቅቶ አገኘሁት፤ ከአባባ ጋር እንዳወራ ነገረኝ። አመንኩት፤ ደስም አለኝ። ከዚያ በኋላ እስከ እሑድ እንኳ አልቆየም።

ዘመዶች መርዶውን ከነገሯቸው በኋላ አባባን በስልክ ሳገኛቸው «ድምፅዎን ሰምቶ ነው የሄደው» አልኳቸው። «አዎ፣ የእሑዱን» አሉኝ። ሐሙስስ የት ሄደ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። በለቅሶ መካከል ማን ቀን ይቆጥራል?

እንግዲህ ደብዳቤሽ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የምሳ ሰዓት ነበር፤ አዳራሹ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። ስለ ስብሰባው ከጻፍሽ በኋላ እንዲህ ብለሻል፤ «አባባም ተጋባዥ ናቸው። የዛሬ ሁለት ወር ግድም ሌባ ደውሎላቸው ያሳፈሩትን ስልካቸው ቀድቶታል፤ ለስፌት የሚመጣውን ሁሉ እያስደመጡ ያስተምራሉ። በድምፅ ማጉያ ለወላጆች እናሰማዋለን። የታመመ መስሎ ሲያቃስት ብትሰማው! ከጀርባው በባዕድ ቋንቋ የምታንሾካሹክ ሴት አለች፣ አንዳች ማሽንም ጢጥ ጢጥ ይላል። ሙሉ የሌባ ቡድን ነው።» ቀጥለሽም የሌባውን ቃል እንዳለ ጻፍሽልኝ። «አባ… አንተ ነህ?» አለ። አባባ «ማነው?» አሉት። «እኔ ነኝ።» «እኔ ማን?» «ልጅህ… ቶሎ በል… ትንፋሽ…» ከዚያ በኋላ አባባ ያወረዱበትን ውርጅብኝ ግን አልጻፍሽልኝም፤ «እሱን ስትመጣ ራስህ ስማው» ብለሽ ትተሽዋል።

ጢጥ ጢጥ የሚለውን ማሽን አውቀዋለሁ። ሴትየዋንም አውቃታለሁ፤ እጇ ለስላሳ ነው፣ በሽተኛ ስታገላብጥ ታንጎራጉራለች። ሰዎች ለከሰዓቱ ትምህርት መግባት ሲጀምሩ ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩና አሞኛል ብዬ ወጣሁ።

ያኔም ቢሆን ሳላረጋግጥ አላምን አልኩ፤ ሥራ ነው ያስለመደኝ። ሆስፒታል ሄጄ ነርሷን ፈለግኳት። ስልኳን አውጥታ ወደዚያ ሐሙስ ወደ ኋላ ገፋችው። የአባባ ቁጥር ነው። ሰውን በወጉ ሰላም ለማለት እንኳ የማትበቃ ጥሪ ናት። ነርሷ ፈገግ ብላ «አባታችሁ ከልጁ ጋር በማውራቱ ተጽናና?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

አስቢው እታለም። የማይታወቅ ቁጥር፤ ስሙን የማይናገር ሰው፤ ማቃሰት፤ ማጣደፍ፤ አንቱን የረሳ አፍ። አባባ አንዱንም አላሳለፉትም። ካስተማርኩት ሰው ሁሉ አንድ ሳይሳሳት ያለፈ እሳቸው ብቻ ናቸው። ድንቡሼ ስሙን ያልተናገረው ትንፋሹ ስላልበቃው ነው፤ አንቺም ድምፁን ያልለየሽው ሕመሙ ስለበላው ነው። አንተ ያላቸው ደግሞ፣ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፣ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ አንተ ሲላቸው እየሳቁ የሚያልፉት እሱ ብቻ ነበር፤ የመጨረሻ ልጅ አይደል? ሰው ሲጨንቀው የተማረው ሁሉ ይወድቅበትና የልጅነቱ ብቻ የሚቀረው ይመስለኛል። እኔ ይህን አላስተማርኩም። አላውቀውም ነበር።

ያች ሳልነግራቸው የቀረችው የመጨረሻዋ ነገር ይህች ናት፤ ለወላጆቹም ከሁሉ በፊት እሷን ንገሪልኝ። መዝጋት የትምህርቱ ግማሽ ነው። ዘግታችሁ ስታበቁ ቀድሞ በምታውቁት ቁጥር መልሳችሁ ደውሉ። እኔ ነኝ ላላችሁ ልጅ ለራሱ ደውሉ፤ እሱ ካላነሳ ለወንድሙ፣ ለጓደኛው፣ ለአለቃው ደውሉ። የትምህርት ዕድል አግኝታችኋል የሚል መልእክት ሲመጣ የተላከውን ሳትነኩ በእግራችሁ ትምህርት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። ከልባችሁ ጠርጥሩ፤ ግን ጥርጣሬውን ሳትጨርሱት አትተኙ በያቸው። አባባ ያን ሐሙስ ወደ እኔ ቢደውሉ ስልኬ ዝግ ነበር፤ ስከፍተው ግን ያመለጠውን ጥሪ አየው ነበር። ድንቡሼ ገና በሕይወት ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእኔ ደርሷል።

ባለፈው ሐሙስ እንደምንም አስተማርኩ። ያን «ስልክሽ ይዘጋል» የሚለውን ሳበራው እንደ ልማዳቸው ሳቁ። ከጽዳት ሠራተኞቹ አንዷ እጇን አውጥታ «አጥማጁ፣ እውነተኛ ሰው ቢሆንስ?» አለችኝ። መልሳችሁ ደውሉ አልኳት። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ አልኩ። ሦስተኛ ስለው እርስ በርስ ተያዩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። መጀመሪያ ልጽፍልሽ ያሰብኩት ሌላ ነበር። ሆድ ይፍጀው፣ ስልኩ ተበላሽቷል ብለሽ ቅጂውን ደብቂው፣ ለአባባም ምንም አትንገሪያቸው ልልሽ ነበር። በዚህ ዕድሜያቸው ይህን ሰምተው አይቆሙም ብዬ ፈራሁ። ጀምሬም ነበር። ከዚያ ደብዳቤሽን እንደገና ሳነበው አንዲት ነገር ያዘችኝ። እንደ ቀልድ ነው የጻፍሻት። «ያስደመጡትን ሰው ሁሉ ‹ይሄ የኔ ልጅ ድምፅ ነው? አይደለም አይደል?› ይሉታል። አይደለም ሲላቸው ደስ ብሏቸው ወደ ልብስ መኪናቸው ይመለሳሉ። የልብስ ቁልፍ ሻጯን እንኳ ሦስቴ አስደምጠዋታል።»

እርግጠኛ የሆነ ሰው ሦስቴ አይጠይቅም፣ እታለም። እኔ ይህን ከሥራዬ አውቀዋለሁ። ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ «ያ መልእክት ደህና ነው አይደል?» የሚለኝ ሰው መልእክቱን የነካ ሰው ነው። አባባ ትምህርት እየሰጡ መስሎሻል፤ ምስክር እየሰበሰቡ ነው። ሁለት ወር ሙሉ በመርፌና በክር መካከል ተቀምጠው ብቻቸውን ይህን ሲያብሰለስሉ ኖረዋል። እኛ ደግሞ በድምፅ ማጉያ ልናስደምጥባቸው ነበር።

ስለዚህ ቅጂው ስብሰባው ላይ አይሰማ። አባባም ይነገራቸው። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል፤ የቀበርኩት እኔ ነኝና መናገሩም የኔ ነበር። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ የሚሰጡኝ ግን ከስብሰባው በኋላ ነው። እኔ እስክመጣ እንዳይቆይ የምለምንሽ ደግሞ ስለ ቁልፍ ሻጯ ነው። ድንቡሼን ከሕፃንነቱ ታውቀዋለች፤ ለሦስተኛ ጊዜ ያስደመጧት ምናልባት ፊቷን አይተው ይሆናል። አንድ ቀን እሷ ወይ ሌላ ሰው «እንዲያውም ይመስላል» ይላቸዋል። ያን ቃል ከባዳ አፍ እንዳይሰሙት። ሱቁን ከዘጉ በኋላ፣ መቀሱን ከእጃቸው አስቀምጠው ሲቀመጡ፣ አጠገባቸው ሁነሽ ንገሪያቸው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከጠየቁሽ የኔን ስም ጥሪ። ግማሽ ትምህርት ያስተማረ እኔ ነኝ፣ ሕመሙን የደበቅኩም እኔ ነኝ፤ እሳቸው ልጃቸውን አምነው ነው እንደታዘዙት ያደረጉት።

አንቺም ይህን አንብበሽ «አይሆንም፣ ተሳስተሃል» ትይ ይሆናል። ብትጠረጥሪ አልፈርድብሽም፤ ማረጋገጫውን ልስጥሽ። ያን ሐሙስ አልጋው አጠገብ ስደርስ ድንቡሼ ዐይኑን ገልጦ «አወቀኝ» አለኝ። ማን ስለው «አባ» አለኝ። «‹የልጄን ድምፅ አውቀዋለሁ› አለ። ጮኾ ነው ያለው።» ይህን ሲለኝ ፊቱ ላይ የነበረውን ደስታ በቃል ልነግርሽ አልችልም። አንቺ ቅጂውን ሰምተሽዋል። አባባ ከመዝጋታቸው በፊት በዚያ ውርጅብኝ ውስጥ «እኔ የልጄን ድምፅ አውቀዋለሁ!» ብለዋል፤ አላሉም? አንቺ አልጻፍሽልኝም። እኔም ቅጂውን አልሰማሁም። ከሌላው ጫፍ ስልኩን ከያዘው ሰው በቀር ማን ሊነግረኝ ይችላል?

አባባ ሌባ ለማባረር ያሉትን ልጁ እንደታወቀ ቆጥሮ ወሰደው። ከሌላው ቁጣ ምን እንደሰማ አላውቅም፤ ይዞት የሄደው ግን ይህን ብቻ ነው። እሱ ነገር አጣሞ ሊያጽናናኝ አቅም አልነበረውም። ለአባባ ስትነግሪያቸው እዚህ ላይ ጀምሪ። መጀመሪያ «አወቀኝ ብሎ ነው የሄደው» በያቸው፤ የቀረውን ከዚያ በኋላ። «ይሄ የልጄ ድምፅ ነው?» ብለው ሲጠይቁሽ ግን አትዋሺያቸው። «አዎ፣ አባባ» በያቸውና እጃቸውን ያዢ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ የዚያን ቀን ከቤት እንዳይርቅ ለምኚልኝ። አክስታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ለእሷ ሳይነገር ቢቆይ ይሻላል፣ ልቧ ይዳከማል። መንትዮቹን አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፤ አያታቸውን ሰሞኑን አንተ ቢሏቸው አትቆጫቸው።

አባባ ከሰሙ በኋላ ሊደውሉልኝ ከፈለጉ በማንም ስልክ ይደውሉ። ሐሙስም ቢሆን ስልኬ ክፍት ነው። ምንም ሳይናገሩ ቢያለቅሱም ዝም ብዬ እሰማቸዋለሁ፤ እሳቸው እስኪዘጉት ድረስ አልዘጋም።

የምትወጂው ወንድምሽ

ከዳቦ መጋገሪያው ጀርባ ካለው ክፍላችን
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን